ከማሻሻያ በኋላ ስክሪኑ ሲጠቁር
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ኮምፒውተሮቻችን ኤንቪዲያ ጂፎርስ ጂቲ 710 የተባለ የግራፊክስ ካርድ አላቸው። በክረምቱ ዕረፍት ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ሲስተማቸውን ከ11ኛው ቅጂ ወደ 12ኛው አሻሻልኩ። ሥራው አንድም የስህተት መልእክት ሳያሳይ ተጠናቀቀ፤ ኮምፒውተሮቹ ዳግም ሲነሡ ግን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ በግራ ጥግ አንዲት ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ያማከርኳቸው ባለሙያዎች «ሁሉም ፎርማት ይደረጉ» አሉኝ። የተማሪዎች ሥራ ስላለባቸው አመነታሁ። ምን ይሻላል? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ማመንታትዎ ትክክል ነው፤ እባክዎ አንዱንም ፎርማት አያድርጉ። እንዲህ ባለ ጊዜ የጠፋው ምስሉ እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም፤ ፋይሎቹም፣ የተማሪዎቹ አካውንቶችም፣ የተጫኑት ፕሮግራሞችም በቦታቸው አሉ።

በሊኑክስ ላይ አንድ ምስል ስክሪን ላይ እስኪደርስ ድረስ በሦስት ሶፍትዌሮች እጅ ያልፋል። የመጀመሪያው ከከርነሉ (ከሲስተሙ እምብርት) ጋር የሚሠራውና ካርዱን በቀጥታ የሚያዘው ድራይቨር ነው። ሁለተኛው ፕሮግራሞች ሥዕላቸውን የሚሠሩበት ላይብረሪ ሲሆን፣ እሱም እንደ ካርዱና እንደ ምርጫዎ ወይ ሜሳ የተባለው ነፃ ላይብረሪ ወይ የኤንቪዲያ የራሱ ነው። ሦስተኛው መስኮቶችን አቀናጅቶ የሚያወጣው ኤክስ ሰርቨር ወይም እሱን እየተካ ያለው ዌይላንድ ነው። ሦስቱ በተለያዩ ጥቅሎች (ፓኬጆች) ስለሚመጡ፣ አንደኛው ከሌሎቹ ጋር ያልተስማማ እንደ ሆነ ማሻሻያው «ተሳክቷል» ተብሎም ስክሪኑ ሊጠቁር ይችላል።

የእርስዎ ካርድ ኬፕለር ከሚባለው ትውልድ ነው። ኤንቪዲያ ለዚህ ትውልድ የሠራው የመጨረሻ ድራይቨር 470 የሚል ቁጥር ያለው ሲሆን፣ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የወጡት ካርዱን አያውቁትም። በዴቢያን 11 ውስጥ ተራው የኤንቪዲያ ጥቅል ይኸው 470 ስለ ነበር ሁሉም ነገር ይሠራ ነበር። በዴቢያን 12 ግን በዚያው ስም የተቀመጠው 525 እና ከዚያ በላይ ነው። ማሻሻያው የታዘዘውን ፈጽሟል፤ በአዲሱ ድራይቨር ውስጥ ግን ለካርድዎ የሚሆን ነገር የለም።

ይህ ግምት እንዳይሆንብዎ ራስዎ ያረጋግጡ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ እያሉ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3ን በአንድ ላይ ይጫኑ። የጽሑፍ መግቢያ ይመጣል፤ በስምዎና በይለፍ ቃልዎ ይግቡና በአስተዳዳሪ ሥልጣን የከርነሉን መዝገብ ዲሜሴጅ በሚባለው ትእዛዝ ይክፈቱ። ኤንቪአርኤም ብሎ የሚጀምር መስመር ታገኛላችሁ፤ ካርዱ የሚደገፈው በ470 የቆዩ ድራይቨሮች መሆኑን፣ አሁን የተጫነው ድራይቨርም ካርዱን ችላ እንደሚለው በግልጽ ይናገራል። የኤክስ ሰርቨር መዝገብ ደግሞ በቫር፣ ሎግ ፎልደር ውስጥ ወይም በተጠቃሚው የግል ፎልደር ሥር ይገኛል፤ በዚያ ውስጥ በቅንፍ ድርብ «ኢ» ያለባቸው መስመሮች ስህተት ማለት ናቸው። ባለሙያ የሚባል ሰው ፎርማት የሚለውን ቃል ከመናገሩ በፊት እነዚህን ሁለት መዝገቦች ማንበብ ግዴታው ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱንም ለማየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ምክንያቱን ሳያውቅ ፎርማት ያደረገ ሰው ያንኑ ድራይቨር መልሶ ጭኖ ወደዚያው ጥቁር ስክሪን ሊመለስ ይችላል።

የጽሑፍ መግቢያውም አልመጣ ካለ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ግራብ በሚባለው የማስነሻ ዝርዝር ላይ የ«ኢ»ን ቁልፍ ይጫኑ፤ «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ኖሞድሴት የሚለውን ቃል ጨምረው በኤፍ10 ያስነሡት። ይህ ለዚያች አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ለውጥ ነው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዴቢያን 12 በሌላ ስም፣ ቴስላ 470 ብሎ ያስቀመጠውን የቆየ ድራይቨር መጫን ነው። ሁለተኛው የኤንቪዲያን ጥቅሎች አስወግዶ ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚመጣውን ኑቮ የተባለውን ነፃ ድራይቨር መጠቀም ነው። ለትምህርት ቤት እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ተማሪዎቹ የሚጽፉበት፣ ኢንተርኔት የሚያዩበትና ፕሮግራም የሚማሩበት ኮምፒውተር ስለሆነ የኑቮ ፍጥነት ይበቃዋል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ድራይቨሩ እንደ አዲስ መገንባት የማያስፈልገው መሆኑ ነው። የኤንቪዲያው ዲኬኤምኤስ በሚባል መሣሪያ አማካይነት ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደገና ይገነባል፤ ለዚህም የከርነሉ ሄደር ጥቅል አብሮ መጫን አለበት። እሱ ከተረሳ ከቀጣዩ የከርነል ዕድሳት በኋላ ያው ጥቁር ስክሪን ይመለሳል።

ኑቮን ከመረጡ በስማቸው ውስጥ ኤንቪዲያ ያለባቸውን ጥቅሎች አፕት በሚባለው የጥቅል ማስተዳደሪያ፣ በ«ፐርጅ» ትእዛዝ ያስወግዱ፤ እሺ ከማለትዎ በፊት ሊወገዱ የተዘረዘሩትን አንድ በአንድ ያንብቡ። ማስወገዱ የግድ ነው፤ ምክንያቱም እነዚህ ጥቅሎች ኑቮ እንዳይነሣ የሚያግድ ፋይል ያስቀምጣሉ። ከዚያ በኢቲሲ ሥር ባለው የኤክስ11 ፎልደር ውስጥ የቆየ የኤክስኦርግ (የኤክስ ሰርቨሩ) ማዋቀሪያ ፋይል ካለና «ኤንቪዲያ» የሚል ድራይቨር የሚጠራ ከሆነ ስሙን ቀይረው ወደ ጎን ያድርጉት። የዛሬው ኤክስ ሰርቨር ካርዱንም ስክሪኑንም ራሱ ይለያል፤ ያ ፋይል በአብዛኛው አያስፈልገውም። ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሡና ሜሳ ዩቲልስ በሚባለው ጥቅል ውስጥ ያለውን ጂኤልኤክስ ኢንፎ ያስኪዱ፤ ሥዕል ሠሪው «ኤንቪ» ብሎ በሚጀምር ስም ከተጠራ ካርዱ እየሠራ ነው። ኤልኤልቪኤም ፓይፕ የሚል ካገኙ ግን ሥዕሉን እየሠራ ያለው ዋናው ፕሮሰሰር ስለሆነ ካርዱ አሁንም አልተያዘም ማለት ነው።

ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ የሚወርደውንና ራሱን የሚጭነውን ፋይል አይጠቀሙ። ያ ፋይል አፕት የማያውቃቸውን ላይብረሪዎች በሲስተሙ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ቀጣዩ ማሻሻያ በላያቸው ላይ ሌላ ይጭንና ሁለቱ ይጋጫሉ። ከዚህ ቀደም ተጭኖ ከሆነ መጀመሪያ በራሱ ማራገፊያ ያስወጡት። በተረፈ ይህን ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሠርተው ውጤቱን ካዩ በኋላ ብቻ ወደ ሌሎቹ ይለፉ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔን ከኡቡንቱ ሊኑክስ 22.04 ወደ 24.04 እያሻሻልኩ ሳለ መብራት ሄደ። ባትሪው የሞተ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ወዲያው ጠፋ። መብራት ሲመጣ ከፈትኩት፤ የመግቢያው ገጽ ግን አልመጣም። (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጥቅሎቹ ግማሾቹ ተፈትተው፣ ግማሾቹ ሳይዋቀሩ ቀርተዋል፤ ሥራውን ካቆመበት ማስቀጠል ይቻላል። በግራብ ዝርዝር ላይ ሪከቨሪ የሚለውን ይምረጡ፤ በሚመጣው ዝርዝር መጀመሪያ ኔትወርክን ያስነሡ፣ ቀጥሎ ዲፒኬጂ የሚለውን የጥገና ምርጫ ያስኪዱ። ይህ ካልበቃ ወደ ሩት ተርሚናል ገብተው ዲፒኬጂን በ«ኮንፊገር» አማራጭ ከ«ኤ» ፊደል ጋር ያዙት፤ ከዚያ አፕት የተሰበረውን እንዲጠግን፣ በመጨረሻም ሙሉ ማሻሻያ እንዲያደርግ ያዙ። ትእዛዞቹን በዚህ ቅደም ተከተል ይጠብቁ።

ለወደፊቱ፣ ትልቅ ማሻሻያ በግራፊክ ተርሚናል ውስጥ ባይሠሩ ይመረጣል። ማሻሻያው ራሱ የመግቢያ ገጹን የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም ሊያቆመውና ሊያስነሣው ይችላል፤ እሱ ሲቆም ተርሚናሉ፣ ከተርሚናሉም ጋር ማሻሻያው ይቋረጣል። ከጽሑፍ መግቢያ ወይም ተርሚናሉን ከመስኮቱ ነጥሎ በሚያቆየው ቲመክስ ውስጥ ከሆነ ግን መስኮቱ ቢዘጋም ሥራው ይቀጥላል። ከዚህ ሌላ ሜሳን ፒፒኤ ከሚባል የውጭ የጥቅል ምንጭ ጭነው ከነበረ ከማሻሻያው በፊት ፒፒኤ ፐርጅ በሚባለው መሣሪያ ወደ ኡቡንቱ የራሱ ቅጂ ይመልሱት፤ ማሻሻያው የውጭ ምንጮችን ስለሚዘጋቸው ከእነሱ የመጡት ላይብረሪዎች ከአዲሶቹ ጋር ሳይስማሙ ይቀራሉ። መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት ቦታ ዘወትር ለሚደረጉት ዕድሳቶች ማውረዱንና መጫኑን መለየትም ይጠቅማል፦ አፕት ጥቅሎቹን እንዲያወርድ ብቻ ማዘዝ ይቻላል፤ መጫኑ ባትሪው በሞላበት ሰዓት ይደረጋል። ብዙ ኮምፒውተር ያለበት ቢሮ ወይም ትምህርት ቤት ደግሞ አፕት ካቸር ኤንጂ የተባለውን ፕሮግራም በአንዱ ላይ ቢጭን፣ አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት የወረደው ጥቅል ለሁሉም ይዳረሳል፤ የዳታ ወጪውም በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱን ካሻሻልኩ በኋላ ክፍለ ጊዜው (የዴስክቶፑ ሴሽን) ዌይላንድ ሆኗል። አማርኛ እንድጽፍበት ያዘጋጀሁት የኪቦርድ ስክሪፕት መሥራት አቆመ፤ በስብሰባ ላይም ስክሪኔን ለማጋራት ስሞክር ጥቁር ሳጥን ብቻ ይታያል። ወደ ኤክስ11 ልመለስ? (አንባቢ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ለጊዜው መመለስ ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን አልመክርዎትም። ኤክስ በ1984 (እ.ኤ.አ.) በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲጀመር፣ አስራ አንደኛው ቅጂውም በ1987 ሲወጣ፣ በአንድ ስክሪን ላይ ያሉ ፕሮግራሞች እርስ በርስ ይተማመናሉ ተብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ በኤክስ11 አንዱ ፕሮግራም ሌላው መስኮት ውስጥ የሚጻፈውን ሁሉ፣ የይለፍ ቃልም ቢሆን፣ ማንበብ ይችላል። በ2008 ክርስቲያን ሆግስበርግ የጀመረው ዌይላንድ ይህንን በር ዘግቷል፤ የእርስዎ ስክሪፕትም ሆነ የማጋሪያው ፕሮግራም ይጠቀሙበት የነበረው ይኸው በር ነው። ሌላው የሊኑክስ ሲስተም፣ ፌዶራ፣ በ2016፣ በ25ኛው ቅጂው፣ ዌይላንድን ቀዳሚ አድርጎታል፤ ኡቡንቱ ለጥቂት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ካለ በኋላ በ25.10 ግኖም የተባለውን ዴስክቶፕ የኤክስ11 ክፍለ ጊዜ ጨርሶ አስወጥቶታል። ዛሬ ቢመለሱም ነገ ያው ጥያቄ ይጠብቅዎታል።

ስክሪፕትዎ ሴትኤክስኬቢማፕን ወይም ኤክስሞድማፕን የተባሉትን የኤክስ ኪቦርድ ትእዛዞች የሚጠራ ከሆነ በዌይላንድ ላይ የሚነካው፣ የኤክስ ፕሮግራሞችን በዌይላንድ ላይ በሚያስኬደው በኤክስዌይላንድ ውስጥ የሚሠሩትን የቆዩ ፕሮግራሞች ብቻ ነው። በእሱ ፈንታ አይባስ የተባለውን የፊደል ማስገቢያ ከኤም17ኤን ጥቅሉ ጋር ይጫኑ፤ ከመለያው ወጥተው እንደገና ከገቡ በኋላ በግኖም የኪቦርድ ቅንብር ውስጥ አማርኛን፣ ሴራ የሚለውን አጻጻፍ ይምረጡ። እንደ ለመድነው «ሰላም»ን በላቲን ቁልፎች በድምፁ እየጻፉ ፊደሉ ይመጣል፤ በአሳሹም፣ በጽሑፍ ማዘጋጃውም፣ በተርሚናሉም እኩል ይሠራል። የሚጠቀሙት ኬዲኢ የተባለውን ዴስክቶፕ ከሆነ አይባስን መጫን ብቻውን አይበቃም፤ በሲስተም ቅንብሩ፣ በኪቦርድ ክፍል ሥር፣ ቨርቹዋል ኪቦርድ በሚለው ገጽ ላይ አይባስ ዌይላንድን መምረጥ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህቺን ገጽ ሳያይ ቀርቶ «አማርኛ በዌይላንድ አይሠራም» ብሎ ይደመድማል፤ ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ይሠራል።

ስክሪን ማጋራት በፓይፕዋየርና ኤክስዲጂ ዴስክቶፕ ፖርታል በሚባሉት በኩል ያልፋል። ሁለቱም መጫናቸውን ያረጋግጡ፤ ፖርታሉ ለሚጠቀሙት ዴስክቶፕ፣ ለግኖም ወይም ለኬዲኢ፣ የተሠራውን ተጓዳኝ ጥቅልም ይፈልጋል። ከዚያ ስብሰባውን በአሳሽ ይሞክሩት፤ የትኛውን መስኮት እንደሚያጋሩ የሚጠይቅ ሳጥን ከመጣ መንገዱ ተከፍቷል። አሳሹ እየሠራ የስብሰባው ፕሮግራም ብቻ ጥቁር ካሳየ ችግሩ ያለው በዚያ ፕሮግራም የቆየ ቅጂ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ፍሪቢኤስዲ በተባለው፣ ከሊኑክስ በተለየ ሲስተም ላይ ኤክስኦርግን ጫንኩ፤ ሲነሣ ግን ዝቅተኛ ጥራት ያለው ምስል ብቻ ይሰጠኛል። ላፕቶፑ የኢንቴል ግራፊክስ ያለው ነው። (ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በፍሪቢኤስዲ የኤክስኦርግ ጥቅል የከርነሉን ድራይቨር ይዞ አይመጣም። ዲአርኤም ኬሞድ የሚባለውን የድራይቨር ጥቅል ለብቻው ይጫኑ፤ አይ915 ኬኤምኤስ የተባለው ሞጁል ሲስተሙ በተነሣ ቁጥር እንዲጫን በአርሲ ማዋቀሪያ ፋይሉ የሞጁሎች ዝርዝር ውስጥ ያስገቡት፤ የራስዎንም አካውንት ቪዲዮ በሚባለው ቡድን ውስጥ ይጨምሩ። ሲስተሙን ወደ አዲስ ንዑስ ቅጂ ሲያሻሽሉ ሞጁሉ ለቀድሞው ከርነል የተገነባ ሆኖ ኮምፒውተሩ ሊደርቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ በነጠላ ተጠቃሚ ሁነታ አስነሥተው መስመሩን ለጊዜው ያውጡና ሞጁሉን ፖርትስ ከሚባለው የምንጭ ኮድ ስብስብ ለአዲሱ ከርነል ገንብተው መልሰው ያስገቡት።