ገላንና ለገጣፎ ያሉት ሰርቨሮች ዋጋ ላይ ለምን አይስማሙም?

ወንድሜ፣ ገላን ያለው መጋዘንና ለገጣፎ ያለው ሱቅ የየራሳቸው ሰርቨር አላቸው፣ ኔትወርክ ሲመጣ ሲንክ ያደርጋሉ (መረጃቸውን ያመሳስላሉ)፣ ግን ለገጣፎ የታረመው የሲሚንቶ ዋጋ ተመልሶ አሮጌው ይሆናል ብለሃል። ፕሮግራሙ «የመጨረሻው ሰዓት ያሸንፋል» በሚል ሕግ (ሁለት ለውጥ ሲጋጭ የኋለኛ ሰዓት ያለው ይጸናል) የሚሠራ ከሆነ ሻጮቹ በኢንተርኔቱ ቢያላክኩ አትስማቸው።

1. የሁለቱን ማሽን ሰዓት አስተያይ። አንዱ ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው ከተጫኑ፣ ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በአዲስ አበባ ሰዓት ይሞላዋል፣ ሊኑክስ ያንኑ የግሪንዊች ነው ብሎ ያነበዋል። ኢንተርኔት እስኪያርመው የሊኑክሱ ሰዓት 3 ሰዓት ይቀድማል። ይህ ማሽን የገላኑ ከሆነ፣ እዚያ ከጠዋቱ 4 ሰዓት የተጻፈው ዋጋ የ7 ሰዓት ሆኖ ይመዘገባል፤ ለገጣፎ 5 ሰዓት ላይ ያረሙት ይሸነፋል። እስከ 7 ሰዓት ቢያርሙት ቢያርሙት አይረባም። ሰው እዚህ ላይ ነው የሚታለለው፦ ሰዓቱ ሲስተካከል ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ቀድሞ የተመዘገበው ግን ዳታቤዙ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ዓመተ ምሕረቱ በአንድ ዓመት የቀደመ ካለማ ዓመቱን ሙሉ የሚነቅለው የለም። ተቃራኒውም አለ፦ የማዘርቦርዱን ሰዓት የምታቆየው ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ካለቀች፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ከዓመታት በፊት ባለ ቀን ይነሳል። የሚጽፈው ሁሉ «ተመዝግቧል» ይባላል፣ ሲንክ ሲያደርግ ድራሹ ይጠፋል። ባትሪዋን ቀይር፣ ክሮኒ (ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያርም ፕሮግራም) ጫን፣ ግን አትተማመንበት። ሰዓቱ ከሚሊዮን ሰከንድ 20 ሰከንድ እንኳ ቢዛነፍ በቀን 1.7 ሰከንድ ነው፤ ኢንተርኔት ለሳምንት ከጠፋ 12 ሰከንድ።

2. ቅደም ተከተሉን ከሰዓት አላቅቀህ በቁጥር አድርገው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሌስሊ ላምፖርት በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘዴ ነው፦ እያንዳንዱ ሰርቨር ቆጣሪ ይኑረው፣ በጻፈ ቁጥር 1 ይጨምር፣ ከሌላው ቁጥር ሲደርሰው ደግሞ ከሁለቱ ትልቁን ወስዶ 1 ይጨምር። ለገጣፎ 41 ላይ ሳለ ከገላን 57 ከደረሰው 58 ይሆናል፤ ቀጥሎ የሚያርመው 59 ነው፣ ከ57 ስለሚበልጥ ያሸንፋል፣ ሰዓቱ የፈለገውን ይበል። እኩል ከመጡ በሰርቨሩ ስም ለያቸው።

ይህ ግን መስመር ተቋርጦ ሁለቱም ለየብቻ ቀይረው እንደሆነ አይነግርህም። ለዚያ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የሁለቱንም ቆጣሪ ጎን ለጎን ያዝ። «ገላን 3፣ ለገጣፎ 2» ከ«ገላን 3፣ ለገጣፎ 3» ጋር ቢገናኝ ሁለተኛው አዲስ ነው። «ገላን 4፣ ለገጣፎ 2» ከ«ገላን 3፣ ለገጣፎ 3» ጋር ከሆነ ግን አንዱም የሌላውን አላየም፤ ሁለቱንም አስቀምጥና ዋጋ የሚወስነው ሰው ይምረጥ። ይህን ለፕሮግራሙ መተው ስንፍና ነው።

ቆጣሪው ከዋጋው ጋር በአንድ ትራንዛክሽን (ሁለቱም አብረው እንዲጻፉ ወይም ሁለቱም እንዳይጻፉ) ዲስክ ላይ ይጻፍ። ሚሞሪ ላይ ብቻ ከሆነ መብራት በሄደ ቁጥር ወደኋላ ይመለሳል፣ አንድ ቁጥር ለሁለት የተለያዩ ለውጦች ይሰጣል፣ ከዚያ ወዲያ የቀደመውን የሚያውቅ የለም። ከባክአፕ ስትመልስም ያው ነው፤ ለተመለሰው ሰርቨር አዲስ መለያ ስጠው።

3. የስቶክ ብዛት ላይ ይህም አያድንህም። መጋዘኑ ውስጥ 100 ኩንታል ነበር፤ ገላን 12 ሸጦ 88 ጻፈ፣ ለገጣፎ ከዚያው 5 ሸጦ 95 ጻፈ። የትኛውም ቢያሸንፍ ውሸት ነው፣ የቀረው 83 ነዋ። ቀሪውን ሳይሆን «12 ወጣ»፣ «5 ወጣ» እያልክ መዝግብ፣ ቀሪው ተደምሮ ይምጣ። እያንዳንዱ ወጪ የሰርቨር ስምና ተራ ቁጥር ይኑረው፣ ኔትወርክ ተቆራርጦ ሁለቴ ቢላክ አንዴ እንዲቆጠር።

የተሰረዘ ዕቃንም ጨርሰህ አታጥፋ፣ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ከነቁጥሩ ይቀመጥ። አለዚያ ሌላው ሰርቨር የጎደለህ መስሎት መልሶ ይልክልሃል። ካሳንድራ የሚባለው ዳታቤዝ ሳይነካ በተጫነበት ይህን ምልክት 10 ቀን ያቆያል፤ የናንተ መስመር ከዚያ በላይ የሚጠፋ ከሆነ አርዝመው።