ለዶክትሬት ልሄድ ነው፤ አጎቴን ዋስ ላስፈርማቸው?

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ነው የምኖረው። እዚሁ ምሥራቅ ካሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የሕግ መምህርት ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን መሥሪያ ቤቴ ልኮኝ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተማርኩ፤ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሁን እንግሊዝ አገር ለሕግ ፒኤችዲ ተቀብለውኛል፤ የትምህርቱን ክፍያም ኑሮዬንም የሚችሉት እነሱ ናቸው። መሥሪያ ቤቴ ደመወዜን እየከፈለ ሊልከኝ ፈቅዷል፤ ግን አንድ ዓመት ለተማርኩበት ሁለት ዓመት ላገለግል፣ ካላገለገልኩ የተከፈለኝን ደመወዝ ልመልስ ውል ፈርሚ፣ ዋስም አምጪ አለኝ። ዋስ ሁኑኝ ያልኳቸው አጎቴ እዚሁ ታይዋን ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ከዚራ ሰፈር አንድ ቤት አላቸው። ቤታቸው ይነካል? ለቅቄ ብሄድስ አይሻልም? ባለቤቴንና የሦስት ዓመት ልጄን መውሰድ እችላለሁ? ጀርመን ይሻልሻል የሚሉኝም አሉ፤ አንተ ምን ትላለህ? የዋስትናውን ቅጽ ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ።
ሀ.፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ በድሬ ደንብ “አንተ” ብለሽኛልና እኔም “አንቺ” እላለሁ። ስለ ውጭ ትምህርት የሚጽፉልኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ፕሮፖዛልና ስለ ሱፐርቫይዘር ነው። አንቺ እዚያ ያለውን ጨርሰሻል፤ የቀረሽ እዚህ ያለው ወረቀት ነው። ከባዱም እሱ ነው።

ቅጹን አጉልቼ አነበብኩት። አጎትሽ “ለሚፈለግባት ዕዳ ሁሉ ከእርሷ ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ” ብለው እንዲፈርሙ ይጠይቃል። የብር መጠን የሚሞላበት ቦታ የለውም። የባለቤታቸው ፊርማ የሚያርፍበትም የለም። ሦስቱም ነገር ያሳስበኛል።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተራ ዋስ የሆነ ሰው “መጀመሪያ ባለዕዳዋን ጠይቁ፣ ንብረቷን ፈልጉ” ብሎ መከራከር ይችላል። “በአንድነትና በነጠላ” ብሎ ከፈረመ ግን በአንቀጽ 1933 መሠረት ይህ መከላከያ የለውም፤ ከሳሹ አንቺን ዘሎ በቀጥታ እሳቸው ላይ መሄድ ይችላል። አንቺ እንግሊዝ አገር ነሽ፣ እሳቸው ጠዋት ጠዋት ታይዋን ሱቃቸውን ይከፍታሉ። መጥሪያ ይዞ የሚሄደው ሰው ማንን ቀድሞ እንደሚያገኝ አልነግርሽም። ቤቱን በመያዣነት ስላላስያዙ በመፈረማቸው ብቻ አይነካም። ነገር ግን ተፈርዶባቸው ካልከፈሉ በፍርድ አፈጻጸም ሱቁም ቤቱም ተይዞ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሴ “አዎ፣ ሊነካ ይችላል” ነው፤ ይህንንም ሳይፈርሙ በፊት ከአንቺ አፍ መስማት አለባቸው።

ስለ ብር መጠኑ ደግሞ፣ አንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ መሰጠት እንዳለበት ይናገርና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። የሕግ መምህርት ነሽና ይህን ሳታዪው አልቀረሽም። “ዝም ብለው ይፈርሙ፣ ክስ ከመጣ በዚህ እናፈርሰዋለን” የሚል የሙያ ባልደረባ አይጠፋም፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። መሥሪያ ቤቱ ጉድለቱን ነገ አይቶ አዲስ ቅጽ ያስፈርማል። ባያይ እንኳ አጎትሽ ትክክል መሆናቸውን ለማስረዳት ከሥር ፍርድ ቤት እስከ ሰበር ሊመላለሱ ነው። ይልቅ ቁጥሩ ይጻፍ በይ። ለምሳሌ ደመወዝሽ በወር 20,000 ብር ቢሆን፣ ትምህርቱም አራት ዓመት ቢፈጅ፣ 960,000 ብር ይመጣል። በራስሽ ደመወዝ አስይና ያንን ቁጥር ለአጎትሽ አሳያቸው። “ዕዳ ሁሉ” ሲባል ዝም ብሎ የሚፈርም ሰው 960,000 ሲያይ መነጽሩን ያወጣል። “በአንድነትና በነጠላ” የሚለው ይውጣልኝ ብለሽም ጠይቂ፤ እሺ ላይሉሽ ይችላሉ፣ መጠየቁ ግን አያስከፍልም። አንዱ ዋስ የሚከብደውን ሁለት ዋሶች እያንዳንዳቸው በተወሰነ መጠን ቢካፈሉትም አንድ መንገድ ነው።

ሦስተኛው፣ የባለቤታቸው ፊርማ፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። አዋጅ 213/1992፣ ማለትም የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራ ሕግ ነው። አጎትሽ ሐረር ቢኖሩ ኖሮ የክልሉን ሕግ እናይ ነበር፤ ድሬ ስለሆኑ ግን ይኸው ይገዛቸዋል። በአንቀጽ 68 መሠረት ከ500 ብር በላይ ለሆነ የሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። (500 ብር ዛሬ የአንድ ቀን አስቤዛ አይሞላም፤ አንቀጹ ግን እንደተጻፈ ነው።) ሚስትየዋ ሳይስማሙ የተፈረመ እንደሆነ በኋላ ፍርድ ቤት ሄደው እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላሉ። ይህ ለአንቺ መውጫ ቀዳዳ ይመስልሽ ይሆናል፤ ለቤተሰቡ ግን የጠብ መጀመሪያ ነው። የአጎትሽ ሚስት በእርስዎ ቤት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሊፈረም ነው ተብለው ከአንቺ ይስሙ፤ ከተስማሙም አብረው ይፈርሙ።

ወደ ዋናው ውል ስመለስ፣ የእንግሊዝ ፒኤችዲ በወረቀት ሦስት ዓመት ነው፤ በተግባር አራተኛውን ዓመት የሚነካ ሰው ብዙ ነው። የውል ጊዜሽ ሦስት ዓመት ከሆነና አንቺ በሠላሳ ስድስተኛው ወር የመጨረሻውን ምዕራፍ እየጻፍሽ ከሆነ፣ እዚህ “በጊዜው አልተመለሰችም” የሚል ደብዳቤ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ ማራዘሚያ በምን ማስረጃ፣ ስንት ወር ቀድሞ እንደሚጠየቅና በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ በውሉ ውስጥ ይግባ። በቃል “እናራዝምልሻለን” ያለሽ የትምህርት ክፍል ኃላፊ አንቺ ስትመለሺ በዚያ ወንበር ላይ ላይኖር ይችላል። እዚህ ሆኖ ደብዳቤ የሚያስገባልሽና መልስ የሚቀበልልሽ ሰውም ያስፈልግሻል፤ ከመሄድሽ በፊት ድሬዳዋ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደሽ ውክልና ስጪ። በጥቅሉ “ወክዬዋለሁ” የሚል ውክልና በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም፤ ተወካዩ ክስ እንዲከራከርልሽ ወይም እንዲታረቅልሽ ከፈለግሽ ያ ተለይቶ ይጻፍ።

ሌላው የአገልግሎት ዘመኑ ስሌት ነው። የመጀመሪያውም ውል በዚሁ ስሌት ከሆነ ለሁለተኛ ዲግሪሽ አራት ዓመት ነበረብሽ፣ ሁለቱን ሠርተሻል። ፒኤችዲው አራት ዓመት ቢፈጅ ስምንት ይመጣል። የቀረው ሁለት ዓመት ተደምሮ አሥር ይሆናል ወይስ በአዲሱ ይዋጣል? ውሉ ስለዚህ ዝም ካለ አንቺ ዝም አትበይ፤ አስጽፊው። ከፊሉን አገልግለሽ ብትለቂ ዕዳው በሠራሽው ልክ እንደሚቀነስም ይጻፍ። ባይጻፍም በውል የተቆረጠ ቅጣትን የሚመለከቱት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1889 እስከ 1893 ያሉት ድንጋጌዎች ውሉ በከፊል ሲፈጸም ዳኛ እንዲቀንስ ይፈቅዳሉ፤ ግን ዳኛ ፊት ሳይደረስ በውል ማለቅ የሚችል ነገር ነው።

ለቅቄ ልሂድ ላልሽው፣ መልቀቅ መብትሽ ነው። የማገልገል ግዴታ አስሮ አያስቀምጥሽም፤ ገንዘብ ያስከፍልሻል እንጂ። ችግሩ የመጀመሪያው ውል ሁለት ዓመት ቀሪ ስላለው ያንን ሳትዘጊ ክሊራንስ አታገኚም። ስኮላርሺፑ ኑሮሽን ከቻለና ቀሪውን የሁለት ዓመት ዕዳ መክፈል ከቻልሽ፣ እኔ ብሆን ለቅቄ እሄዳለሁ። እንግሊዝ አገር ለፒኤችዲ ምሩቅ ሦስት ዓመት የሥራ ቪዛ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ልብሽ ወዴት እንደሚሄድ ዛሬ አታውቂም፣ አጎትሽም አያውቁም። እመለሳለሁ፣ ወንበሬም ይጠብቀኝ ካልሽ ግን ውሉን አስተካክለሽ ፈርሚ። የማይሆነው መካከለኛው ነው፦ ደመወዙን እየተቀበሉ መልቀቅን በልብ መያዝ። ያን የሚከፍለው ዋሱ ነው።

ባለቤትሽንና ልጅሽን መውሰድ ትችያለሽ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ወዲህ እንግሊዝ አገር ቤተሰብ ማምጣት የተፈቀደው በምርምር ለሚማሩ እንጂ ለተራ የማስተርስ ተማሪ አይደለም፤ ፒኤችዲ ከዚያ ውስጥ ነው። ባለቤትሽም መሥራት ይችላል። ግን ከቪዛው ጋር የሚከፈለው የጤና ክፍያ በሰው በዓመት 776 ፓውንድ ስለሆነ ለሦስታችሁ ለሦስት ዓመት ወደ 7,000 ፓውንድ ይጠጋል፤ ስኮላርሺፑ የቤተሰብሽን ይከፍል እንደሆነ ጠይቂ። በኒካህ ወይም በሽማግሌ ተጋብታችሁ ወሳኝ ኩነት ካልተመዘገባችሁ ነገ ተመዝገቡ፤ ኤምባሲ የሚያየው ያንን ወረቀት ነው። የልጁም የልደት ምስክር ወረቀት እንደዚሁ።

ጀርመንን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አለማስከፈላቸው እውነት ነው። ነገር ግን መጀመሪያ የሚቀበልሽ ፕሮፌሰር ማግኘት አለብሽ፤ ብዙ የሕግ ፋኩልቲዎችም ከውጭ ለመጣ ሰው እዚያው የተሠራ ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ይጠይቃሉ። ስኮላርሺፕ ከሌለሽ ለቪዛው በዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) የዓመት 11,904 ዩሮ ማሳየት ይጠበቅብሻል። ሙሉ ስኮላርሺፕ በእጅሽ እያለ ይህን የሚመክርሽ ሰው ጉዳይሽን በደንብ አላየውም።

በመጨረሻ፣ የመጀመሪያ ዲግሪሽ የወጪ መጋራት ዕዳ ካልተዘጋ ኦሪጅናል ዲግሪሽን ከተማርሽበት ተቋም ለማውጣት ትቸገሪያለሽ፤ እንግሊዞቹ ደግሞ ኦሪጅናሉን ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ይህን ከቪዛው ቀጠሮ በፊት ጨርሺ። የተስተካከለው ቅጽ ሲመጣልሽ እንደገና ላኪልኝ፤ አጎትሽ ግን እስከዚያ አይፈርሙ።