ቻይና ለምትማሩ ልጆቼ፦ ከመፍረዳችሁ በፊት ቤታቸውን እዩ

ለትምህርት ቻይና የገባችሁ ልጆች የምትጠይቁኝ ጥያቄ አይለወጥም። «መምህር፣ እነዚህ ቻይናውያን ልጆች አብዛኞቹ ቤተ ክርስቲያን አይሄዱ፣ መስጊድ አይሄዱ፤ ክፉና ደጉን ማን አስተማራቸው?» ትሉኛላችሁ። ዕድሜዬን ሥነ ልቦና ሳስተምር ስለኖርኩ መልሴ አጭር ነው፦ ቤታቸው። ያውም ብዙ ሳይሰበክላቸው።

እራት ከተጋበዛችሁ ልብ በሉ። ወጡ ሁሉ መሃል ይቀርባል። አያት ከዓሣው እሾህ የሌለውን ለስላሳውን መርጣ በቾፕስቲክ አንስታ የልጅ ልጇ ሳህን ላይ ታደርግለታለች፤ የእኛ ጉርሻ በሉት። ልጁ ዝም ብሎ ቢበላ የሚቆጣው የለም፣ እናቱ ግን ታየዋለች። ጎርመስ ሲል እሱም ለአያቱ ማንሳት ይጀምራል። ፍቅሩም እንደዚሁ ነው። «እወድሃለሁ» የሚል አባት እምብዛም አታገኙም፤ ማታ ልጁ ሲያጠና ፍራፍሬ ልጦ፣ ቆራርጦ ጠረጴዛው ላይ አኑሮለት የሚወጣ ግን ሞልቷል።

ከዚህ ቤት የሚወጣ ልጅ ጥሩና መጥፎን የሚመዝነው በውለታ ነው። ጋኦካኦ የሚሉትን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አስቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ13 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ተመዝግቦበታል። ለዚህ ፈተና ስትል ሥራዋን ትታ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ክፍል የምትከራይ እናት አለች፤ አንሁዊ ክፍለ ሀገር ያለችው ማኦታንቻንግ የምትባል ከተማ የታወቀችው በእነዚህ እናቶች ነው። ልጅቱ ውጤት ሲበላሽባት የምታለቅሰው ለራሷ ብቻ አይደለም። ታታሪነቱን አደንቃለሁ፤ ልጅን በወላጅ ድካም ማስጨነቁን ግን አልወደውም። እንዲህ ያደገ ልጅ እንቢ ማለት ያቅተዋል።

የአንድ ልጅ ፖሊሲው ደግሞ ጫናውን አብሶታል። እ.ኤ.አ. ከ1980 አካባቢ እስከ 2015 ስለቆየ ከከተማ ልጆች ብዙዎቹ፣ አንዳንዴም እናት አባታቸው ጭምር፣ ወንድምም እህትም የላቸውም። አራት አያትና ሁለት ወላጅ አንድ ልጅ ላይ ዓይናቸውን ይተክላሉ። «ትንሹ ንጉሥ» እያሉ ይቀልዱበታል። ለስድስት ሰው ባለዕዳ የሆነ ንጉሥ ግን የት አገር አለ?

የሚያስደነግጣችሁ ሌላም ነገር አለ። አንድ ሹም ለጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ ለኮንፊሺየስ «በእኛ አገር አባቱ በግ ቢሰርቅ የሚመሰክርበት ቀጥተኛ ሰው አለ» አለው። ኮንፊሺየስም በእኛ ዘንድ አባት ልጁን፣ ልጅም አባቱን ይሸፍናል፤ ቀጥተኛነት እዚያ ውስጥ ነው ብሎ መለሰ። ያለፈበት ተረት እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተሻሻለው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጋቸው የተከሳሽ ወላጅ፣ ልጅና የትዳር ጓደኛ ችሎት ቀርበው እንዲመሰክሩ አይገደዱም ይላል። ስለዚህ ጓደኛችሁ ስለ አባቱ ጥፋት አልናገር ቢል፣ ውሸታም ከማለታችሁ በፊት ቆም በሉ።

ቤቱ ባዶ ሲሆንስ? የገጠር ወላጆች ደቡብ ቻይና ያለችው ጓንግዶንግ ሄደው ፋብሪካ ይገባሉ፤ የመኖሪያ ምዝገባው የገጠር ስለሆነ ልጁን ከተማ ወስዶ ማስተማር ይቸግራል፤ ልጁ ለአያቱ ይቀራል። እንዲህ የቀሩትን ልጆች እ.ኤ.አ. በ2016 መንግሥት ሲቆጥራቸው ከ9 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። እናታችሁ ቤይሩት ወይም ሪያድ ሠርታ ያሳደገቻችሁ፣ ይህን ለእናንተ አላስረዳም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የሚሠራው የቤተሰብ ትምህርት ሕግ፣ ልጁን ለሌላ ሰው አደራ የሰጠ ወላጅ ግንኙነቱን እንዳያቋርጥ ያዛል። ደግ ሐሳብ ነው። ግን በስልክ ዓሣ አይነሳም፤ እነዚህን ልጆች ቀጥ አድርጎ የሚይዛቸው ብዙውን ጊዜ የአያት ዓይን ነው፤ አያት ሲደክሙ ደግሞ አስተማሪያቸው፣ እሱም ከተገኘ።

እናም ከዶርም ጓደኛችሁ ጋር ስትተዋወቁ ሃይማኖቱን ከመጠየቃችሁ በፊት ማን እንዳሳደገው ጠይቁት። አያቴ ናት ካላችሁ ሻይ አፍሉ፤ ወሬው ቶሎ አያልቅም።