የሕግ ምክር፦ «ኮርሱ ተወስዷል» ማን ነው የወሰደው?

ጥያቄ፦ በአንድ የመድኃኒት ጥናት ላይ የጥናት ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። የጂሲፒ (የመልካም ክሊኒካዊ ምርምር አሠራር ደንብ) እና የምርምር ሥነ ምግባር ሰርተፍኬቴ ለሦስት ዓመት የሚያገለግል ነበር። በሥራ ብዛት ሳላሳድሰው ጊዜው አለፈ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሰባት ሳምንታት 11 ሰዎችን ኮንሰንት (በጥናቱ ለመሳተፍ የስምምነት ቅጽ) አስፈርሜአለሁ። ነገሩ የታወቀው ሞኒተሯ (የጥናቱን አሠራርና መዝገብ እየመጣች የምትመረምረው) ልትመጣ ስትል ነው። አሁን ኮርሱ ተወስዷል፤ ሰርተፍኬቱም አለ። ዋና ተመራማሪው «የወረቀት ጉዳይ ነው፤ የሥልጠና መዝገቡን አስተካክለን እንገላገል» ይሉኛል። ጊዜው ባለፈ ሰርተፍኬት መሥራት ወንጀል ነው? ከሥራ ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ? የ11ዱ ሰዎች ፊርማስ ውድቅ ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጠየቁኝን ቶሎ ቶሎ ልመልስና ወዳልጠየቁኝ ልሂድ። ጭንቁ ያለው እዚያ ነው።

ወንጀል ነው ወይ? ጊዜው ያለፈ ሰርተፍኬት ይዞ መሥራት እንደተለመደው የሚታየው እንደ አሠራር ጉድለት እንጂ ብቻውን እንደ ወንጀል አይደለም። የአገርዎ ሕግ የተለየ ነገር ሊል ስለሚችል እዚያው ያለ ጠበቃ ያረጋግጥልዎት። የሄልሲንኪ መግለጫ፣ ማለትም የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የምርምር ሥነ ምግባር ሰነድ፣ በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር ተገቢው የሥነ ምግባርና የሳይንስ ሥልጠና ባላቸው ሰዎች ብቻ እንዲሠራ ይጠይቃል። ጂሲፒም እንደዚሁ። ሁለቱም ግን «በየሦስት ዓመቱ» አይሉም። ያንን ቁጥር ያወጣው ወይ መሥሪያ ቤትዎ፣ ወይ ስፖንሰሩ (ጥናቱን የሚያስጠናው ድርጅት)፣ ወይ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ነው። የቱ እንደሆነ ወረቀቱን ፈልገው ያግኙ። የጥፋቱ ክብደት የሚለካው በዚያ ነው።

ስንብቱ የውልዎና የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ጉዳይ ነው። ውሉን ሳላይ መናገር አልችልም። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ሥራውን የሚያከፋፍሉት ዋና ተመራማሪው ናቸው። የሚሰጡት ሰው ብቁ መሆኑን ማረጋገጥም የእሳቸው ኃላፊነት ነው። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ተደርጎ ከቀረበ ይህንን ጠበቃዎ ያንሳው።

የ11ዱ ሰዎች ፊርማም በራሱ ጊዜ አይወድቅም። ዋናው ነገር ጥናቱ በደንብ ተነግሯቸው፣ ገብቷቸው፣ ሳይገደዱ መስማማታቸው ነው። እንደገና ይነጋገሯቸው የሚለውን የሚወስነው የሥነ ምግባር ኮሚቴው ነው። እርስዎም ዋና ተመራማሪውም አይደላችሁም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

ደብዳቤዎ ውስጥ ሁሉም ነገር ባለቤት አለው። «እሠራለሁ»፣ «ሳላሳድሰው»፣ «አስፈርሜአለሁ»። ኮርሱ ጋ ሲደርሱ ግን «ወሰድኩ» አላሉም፤ «ተወስዷል» አሉ። አማርኛችን ሠሪውን መደበቅ ሲያምረው ይህችን «ተ» ጎትቶ ያመጣታል። ብርጭቆ የሰበረ ልጅም «ተሰበረ» ነው የሚለው።

ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ግን «እስቲ ይቺን ኮርስ ክሊክ ክሊክ አድርግልኝ» መባባል እንዳለ አውቃለሁ። ብዙዎቹ የኦንላይን ሥልጠናዎች መቼ እንደተገባ፣ ፈተናው ስንት ጊዜ እንደተሞከረ፣ በስንት ሰዓት እንዳለቀ ይመዘግባሉ። እርስዎ ክሊኒክ ውስጥ ደም ቀድተው ሰዓቱን ጽፈው በፈረሙበት ደቂቃ፣ በስምዎ ፈተና ሲፈተኑ ከታዩ ምን ብለን እንመልሳለን? ሌላ ሰው ወስዶልዎት ከሆነ ያንን ሰርተፍኬት ለማንም አያቅርቡ። ቁጭ ብለው ራስዎ ይውሰዱት። አቅርበውት ከሆነ ደግሞ አንዲት መስመር ከመጻፍዎ በፊት ጠበቃ ያግኙ።

ሁለተኛው ያልነገሩኝ ነገር «አስተካክለን» የምትለዋ ቃል ናት። ምኑን ነው የምታስተካክሉት? እኔ ልንገርዎት፤ ቀኑን። ኮርሱ ከ11ዱ ሰዎች በፊት እንደተወሰደ አድርጎ መዝገቡ ላይ የኋላ ቀን መጻፍ። ደንበኞቼ በተደጋጋሚ የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸው ነው። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። አለቃ ተጨንቋል፣ ሞኒተር በር ላይ ናት፣ እስክሪብቶ እጅ ላይ አለ። ሲኩሉ ዓይን ማጥፋት ማለት ይሄ ነው።

አንድ ደንበኛዬ እንዲሁ አደረገ። የሥልጠና መዝገቡ ላይ ከአምስት ወር በፊት የነበረ ቀን ጽፎ ፈረመ። ፊርማው ያምራል፣ ቀለሙም ይመሳሰላል። ኦዲተሩ ፊርማውን አላየም። ጣቱን ወደ ገጹ ግርጌ አወረደ። እዚያ በደቃቅ ፊደል «ስሪት 3» ይላል፤ ቅጹ ሥራ ላይ የዋለበት ቀንም አጠገቡ አለ። ደንበኛዬ የፈረመው ቅጹ ከመውጣቱ ሁለት ወር ቀድሞ ነበር! ከዚያ በኋላ ስለ ሰርተፍኬቱ የጠየቀው ሰው የለም። የተጠየቀው «ሌላስ ምን ምን ላይ እንዲህ ፈርመሃል?» ተብሎ ነው። በእጁ ያለፈ ገጽ ሁሉ ተጠረጠረ፤ ትክክለኛውም ጭምር።

ይህን ያመጣሁት «የቅጹን ስሪት አስተውለው ያጭበርብሩ» ለማለት እንዳይመስልዎት። ስሪቱ ባይያዝ ሰርተፍኬቱ ላይ የታተመው ቀን አለ። ሞኒተሯ ባለፈው ጉብኝት ያየችው የሥራ ክፍፍል መዝገብ አለ። «ሰርተፍኬትዎ ሊያልቅ 30 ቀን ቀረው» የሚለው ኢሜይል አለ። እውነቱ የተጻፈበት ቦታ ብዙ ነው፤ እርስዎ የሚደርሱበት አንድ ገጽ ብቻ ነው።

በጂሲፒ የስምምነት ቅጹን ያስፈረመው ሰው ራሱ ይፈርማል፤ ቀኑንም በራሱ እጅ ይጽፋል። ቀኑ የፊርማው አካል ነው ማለት ነው። መዝገብ ሲመረመርም የሚጠየቀው የማን እንደሆነ ይታወቃል ወይ፣ ይነበባል ወይ፣ በሰዓቱ ነው የተጻፈው ወይ፣ ዋናው ነው ወይ፣ ትክክል ነው ወይ ተብሎ ነው። የኋላ ቀን ሦስተኛውንም አምስተኛውንም ይጥላል። ሰርተፍኬት ማሳደስ መርሳት ስህተት ነው። ስህተት ይጻፋል፣ ይብራራል፣ ይታለፋል። በአሜሪካ መንግሥት የ2000 እ.ኤ.አ. የምርምር ጥፋት ትርጉም እንኳን በቅንነት የተሠራ ስህተት ከጥፋት አይቆጠርም። መዝገብ ማዛባት ግን ይቆጠራል። የሥልጠና መዝገብ «የምርምር መዝገብ» ነው አይደለም ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል። ያንን ክርክር በእርስዎ ስም ባልከራከር ደስ ይለኛል። በዚያ ላይ ሰነድን አስመስሎ መሥራት ራሱን የቻለ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ቅድም «ወንጀል ነው?» ብለው የጠየቁኝ ሰርተፍኬቱን ነበር። ሊጠይቁኝ የሚገባው ይሄንን ነበር።

ትንሽ ልቆጣዎት። ኮርሱን ራስዎ ተረጋግተው ወስደውት ቢሆን ይህ ሁሉ እዚያው ውስጥ አለ። ሦስት ዓመት ደግሞ አጭር ጊዜ አይደለም። የሄልሲንኪ መግለጫ በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ተሻሽሏል፤ በምርምር ላይ ጥፋት በፍጹም መፈጸም እንደሌለበትም በግልጽ ይላል። የጂሲፒ ሦስተኛው ማሻሻያ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጸድቋል። የድሮ ሰርተፍኬትዎ ከነዚህ በፊት ከሆነ ያልተማሩት ነገር አለ ማለት ነው።

እስካሁን ምንም ካልፈረሙ ደስ ይበልዎት፤ መንገዱ ቀላል ነው። ሰርተፍኬቱ ያለቀበትን ቀን፣ የታደሰበትን ቀንና በመሀሉ የፈረሙትን ሰዎች የጥናት ቁጥር በአንድ ገጽ ይጻፉ። ከታች የዛሬን ቀን፣ እንደገና እላለሁ የዛሬን ቀን፣ ያድርጉ። በዋና ተመራማሪው በኩል ለሥነ ምግባር ኮሚቴውና ለስፖንሰሩ እንደ ፕሮቶኮል ዴቪየሽን (ከጥናቱ የጸደቀ አሠራር መውጣት) ሪፖርት ይደረግ። ረቂቁን ከመስጠትዎ በፊት ጠበቃ ያንብብልዎት። እሳቸው በቃል «ቀኑን አስተካክዪው» ካሉ በጽሑፍ ይመልሱ፦ «ዶክተር፣ የኋላ ቀን መጻፍ አልችልም፤ የዛሬን ቀን ጽፌ ምክንያቱን ላብራራ?» ትሕትና ያለው፣ ግን የተጻፈ።

ፈርመው ከሆነስ? ገጹን አይቅደዱ፤ አዲስ ገጽም አይተኩ። በነጭ ቀለም መሸፈን የሚባል ነገር እንዳይታሰብ። እርማት የሚደረገው የድሮው እንደሚነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ የዛሬ ቀን፣ አጭር ፊርማና ምክንያት ተጽፎበት ነው። እርማቱ ግን ጥፋትን በራስ እጅ ማመን ስለሆነ ብቻዎን አያድርጉት። የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ «ነይ እናግዝሽ» ሊልዎት ይችላል። ጨዋ ሰው ይሆናል፤ ደንበኛው ግን መሥሪያ ቤቱ ነው። የራስዎን ይያዙ።

ሰነድ ይሰብስቡ። ሁለቱን ሰርተፍኬቶች፣ የሥራ ውልዎን፣ የሥልጠና መመሪያውን፣ የማስታወሻ ኢሜይሎቹን፣ ከዋና ተመራማሪው ጋር በቴሌግራም የተጻጻፉትን። ቻቱን እንዳያጠፉት፤ ቢያሳፍርም። ግን አደራ፣ ሰነድ ሰብስቡ ስል የተሳታፊዎቹን የስምምነት ቅጽ በስልክ ፎቶ ማንሳት እንዳይመስልዎት። የሰው ስምና የሕክምና ምስጢር ስልክዎ ላይ ከተገኘ አንዱን ክስ ሲሸሹ ሌላው ይጠብቅዎታል።

ሞኒተሯ መቼ እንደምትመጣ አልጻፉልኝም። ከእሷ በፊት ጠበቃ ዘንድ ይድረሱ። ሲሄዱ የሥልጠና መዝገቡን ይዘት ይንገሩት፤ ኮፒ ማውጣት ከተፈቀደልዎት ያችን ገጽ ይዘው ይሂዱ፤ የተፈረመባትም ብትሆን፣ ባዶም ብትሆን።