4363 ስለደመቀ ብቻ ሲምባዮቲክ አትበለው

ከኮምቦልቻ የጠየቅከው ወንድሜ፣ ፕላኔታዊ ኔቡላ (ሊሞት የደረሰ ኮከብ የተፋው የሚያበራ ጋዝ) ተብሎ የተመዘገበ ኮከብ ስፔክትረሙ (በሞገድ ርዝመት የተበተነው ብርሃኑ) ላይ የኦክስጅኑ የ4363 አንግስትሮም (የሞገድ ርዝመት መለኪያ) መስመር ደምቆ ወጣ፣ ብርሃኑም በ0.87 ቀን ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሲምባዮቲክ (የቀይ ግዙፍ ኮከብና ከሱ ጋዝ የሚቀበል ትንሽ ሞቃት ኮከብ ጥንድ) ይሆን ብለሃል። አብሽር፣ ብዙ ሰው የሚስተው ቦታ ነው። እኔ ግን ሲምባዮቲክ አይመስለኝም።

ከኮከቡ በፊት የከተማውን መብራት ጠርጥር። የሜርኩሪና የፍሎረሰንት መብራት 4358 ላይ የራሱ መስመር አለው፤ ከምትፈልገው የሚርቀው 5 አንግስትሮም ብቻ ነው። ከኮከቡ ግራና ቀኝ ያለውን ባዶ ሰማይ ለብቻው አውጥተህ ሌላውን የሜርኩሪ መስመር፣ 5461ን ተመልከት። እዚያ መስመር ካለ መብራት ገብቶብሃል ማለት ነው፤ የሁለቱን ጎን አማካይ ቀንስ። ስሊት (ቀጭን የብርሃን መግቢያ) በሌለው፣ በሚሊሜትር 100 መስመር ባለው ግሬቲንግ (ብርሃን በታኝ መስታወት) ከሆነ የሠራኸው ደግሞ የሃይድሮጅኑ 4340 ከ4363 ጋር ተጣብቆ አንድ ጉብታ ይሆናል። የመለየት አቅሙ (የሞገድ ርዝመቱ ሊለየው ለሚችለው ትንሹ ልዩነት ሲካፈል) 500 ካልደረሰ የ4363ን ልኬት ተወው።

መስመሩ እውነተኛ ከሆነ ከሌላው የኦክስጅን መስመር፣ ከ5007 ጋር አወዳድረው። በተለመደ ፕላኔታዊ ኔቡላ 5007 ከ4363 መቶ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በሲምባዮቲክ ጋዙ በኩብ ሴንቲሜትር ከሚሊዮን ኤሌክትሮን በላይ ስለሚታመቅ 5007 ይታፈናል፣ 4363 ግን ይጸናል፤ ብልጫው ከአሥር እጥፍ በታች ሊወርድ ይችላል። ይህም ብቻውን አይበቃም። ኢጂቢ 6 የተባለው ኔቡላ መሃል እንዲህ የታመቀ ጋዝ አለ፤ ጓደኛው ኮከብ ግን ትንሽ ቀይ ድንክ እንጂ ግዙፍ አይደለም።

ወሳኙ ቀይ ግዙፉ ኮከብ መኖሩ ነው። 7600 ላይ ያለውን ሰፊ ጉድጓድ የቀይ ግዙፍ ኮከብ ምልክት የሆነው ታይታኒየም ኦክሳይድ እንዳትለው፣ የራሳችን አየር ኦክስጅን ነው፤ 7054 ላይ የሚጀምረውን ፈልግ። 6825 ላይ ሰፋ ያለ የራማን መስመር (የሞቃቱ ኮከብ ብርሃን በግዙፉ ጋዝ ተበትኖ የሚወጣ) ካገኘህ ነገሩ አለቀ፣ ሲምባዮቲክ ነው። ባታገኘው ግን ምንም አልተረጋገጠም፤ ብዙዎቹ የላቸውም።

0.87 ቀን ያልከው ራሱ ይቃወምሃል። ቀይ ግዙፍ ኮከብ በዚህች ምህዋር ውስጥ አይገባም፤ የሲምባዮቲክ ዙር በመቶዎች ቀናት ይቆጠራል። በሰዓታት የሚዞሩት ከጋራ ከባቢ (ሁለቱንም ኮከቦች አንድ ላይ ከዋጠ ጋዝ) የወጡ ጥንዶች ናቸው። የጓደኛው አንድ ፊት በሞቃቱ ኮከብ ስለሚጋል ብርሃኑ በየዙሩ ይዋዥቃል፣ 4650 አካባቢም መስመር ያወጣል፤ ይኸው ነው ሲምባዮቲክ የሚያስመስለው። ከአንድ ቦታ ሌሊት ሌሊት ብቻ ስትለካ ግን የቀን ጥላ (በየ24 ሰዓቱ በመለካት የሚፈጠር የውሸት ዙር) ይገባል፦ ኤቤል 63 መሃል ያለው ጥንድ እውነተኛ ዙሩ 0.465 ቀን ሆኖ ሳለ 0.87 ሊመስል ይችላል። ሁለቱንም ዙር ሞክር። ልኬቱንም 5007 በማይገባበት ፊልተር አድርገው፤ አለዚያ የአየሩ መንቀጥቀጥ ኔቡላውን ብርሃኑን ከምትለካበት ክብ እያስገባና እያስወጣ የውሸት ለውጥ ይሠራልሃል።

መሣሪያህን ለመፈተን መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ደመናው ሲገፈፍ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ሲምባዮቲኩ ኤጂ ፔጋሲ ደሴ አናት ላይ ይደርሳል። ሳተርን ኔቡላ የሚባለው ኤንጂሲ 7009 ከሱ ትንሽ ቀደም ብሎ በደቡብ በኩል ከፍ ይላል። ሁለቱን በአንድ ሌሊት፣ በአንድ አቀማመጥ አንሳና ያንተን ኮከብ መሃላቸው አስቀምጠው።