ውጭ አገር ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ኬጂ ላስተምር? ላለችው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የኬጂ መምህርት ነሽ። ውጭ አገር ያለ አንድ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች እንድታስተምሪለት ኮንትራት ልኮልሻል። «ልጆቹ ከየአገሩ የመጡ ናቸው፣ ብዙዎቹ እንግሊዝኛ አይሰሙም፣ እችለዋለሁ ወይ? ከመፈረሜ በፊትስ ምን ልጠይቅ?» ነው ያልሽው። እኔ በዚህ ሥራ ዓመታት ቆይቻለሁ፣ አገርም ትምህርት ቤትም ቀያይሬያለሁ። መልሴ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ትችይዋለሽ። የ4 ዓመት ልጅ የትም የ4 ዓመት ልጅ ነው። ያለቅሳል፣ በአሻንጉሊት ይጣላል፣ ጫማውን ግራና ቀኝ አዛብቶ ያደርጋል። አዲስ የሚሆንብሽ ቋንቋውና የወላጆቹ ኑሮ ነው።

ከቋንቋው ልጀምር። ዓመቱ ሲጀመር አንድም ቃል እንግሊዝኛ የማይሰማ ልጅ ክፍልሽ ይገባል። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ትንፍሽ ላይል ይችላል። ስትዘፍኚ ያይሻል፣ ስታነቢ ያይሻል። አዲስ መምህርት እዚህ ላይ ትደነግጣለች። አትደንግጪ። ልጁ እየሰማ እያጠራቀመ ነው። «በል እስቲ ድገም» እያልሽ አታስጨንቂው፤ ይልቅ አንቺ አውሪ። ብሎክ ሲደረድር «አንድ ጨመርክ፣ ረዘመ» እያልሽ የሚሠራውን በቃል ተከተይው። ስትጠይቂውም በጣቱ ሊመልስ የሚችለውን ጠይቂው። ሁለት ቀለም አንስተሽ «የቱን?» ብትይው ይጠቁማል። የቀኑን ፕሮግራም በሥዕል አድርገሽ በልጆቹ ቁመት ልክ ግድግዳ ላይ ለጥፊ። አንድን የተረት መጽሐፍ ሳምንቱን ሙሉ መላልሰሽ አንብቢ። አንቺን ይሰለችሻል፤ እነሱ ግን ሳምንቱ ሳያልቅ ቀጣዩን ገጽ ካንቺ ቀድመው ማለት ይጀምራሉ።

ትምህርት ሳይጀመር ከእያንዳንዱ ወላጅ በቤታቸው ቋንቋ ጥቂት ቃላት ተቀበይ። ሽንት ቤት፣ ውሃ፣ አመመኝ፣ እማዬ ትመጣለች። በምትችይው ፊደል ጻፊያቸው። አነጋገርሽ ቢያስቃቸው ምን ችግር አለው፣ ይሳቁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት «እማዬ ትመጣለች»ን በገዛ ቋንቋው የሰማ ልጅ ለቅሶውን ቶሎ ያቆማል።

መቼ ነው ታዲያ መስጋት? ልጁ ትእዛዝ ይከተላል? በሚያስቀው ቦታ ይስቃል? ከልጆች ጋር ይጫወታል? ቤቱስ በራሱ ቋንቋ ያወራል? እነዚህ ካሉ ጊዜ ስጪው። በራሱም ቋንቋ የማያወራ ወይም ስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ ግን «እንግሊዝኛ ስላልቻለ ነው» ብለሽ አትለፊው። ጆሮው ይመርመር፣ የንግግር ባለሙያም ይየው። እንዲህ ያለ ችግር በእንግሊዝኛ ተሳቦ ሲዘገይ አይቻለሁ፣ ያናድዳል።

አንዳንድ መምህራን ወላጅን ጠርተው «ቤትም እንግሊዝኛ ብቻ አውሩለት» ይላሉ። እኔ በፍጹም አልልም። ጂም ከሚንስ የተባሉት የካናዳ ምሁር ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ እንደሚያስረዱት፣ ልጅ የጨዋታ እንግሊዝኛ በ2 ዓመት ገደማ ይይዛል። ለትምህርት የሚሆነው እንግሊዝኛ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ሊወስድ ይችላል። የእናት ቋንቋው በደንብ ሲያድግ ደግሞ ሁለተኛውን ይደግፈዋል። እናትየው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከምታወራው በራሷ ቋንቋ ተረት ብታወራው ይሻላል። ይህን ለወላጆች በመጀመሪያው ስብሰባ በግልጽ ንገሪያቸው፤ ብዙዎቹ እፎይ ይላሉ።

ሥርዓተ ትምህርቱ ብዙም አያስፈራሽ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያጋጥምሽ ወይ ኢዋይኤፍኤስ (EYFS) የሚባለው የእንግሊዝ የሕፃናት ትምህርት ማዕቀፍ ነው፣ ወይ ፒዋይፒ (PYP) የሚባለው የአይቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት) የሕፃናትና የአንደኛ ደረጃ ፕሮግራም። የመጀመሪያው ከልደት እስከ 5 ዓመት፣ ሁለተኛው ከ3 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ሁለቱም በጨዋታና በምልከታ ላይ ያተኩራሉ። ፊደል በማስገልበጥና በጩኸት በማስደገም የለመድሽ ከሆነ ግን ልማድሽን መቀየር ይኖርብሻል።

ከወላጆች ጋር የሚያጋጭሽም ይኸው ጨዋታ ነው። «ልጄ ቀኑን ሙሉ ሲጫወት ውሎ መጣ፣ ለዚህ ነው እንዴ የምከፍለው?» የሚል አባት ይመጣብሻል። ከእሱ ጋር ስለ ጨዋታ ጥቅም አትከራከሪ። ልጁ ሲጫወት የጻፍሽውን ማስታወሻና ፎቶ አሳዪው። «እዚህ ጋ ሳህን ሲያድል ለእያንዳንዱ አንድ አንድ እያለ ቆጠረ፤ ባለፈው ወር አይችልም ነበር» በይው። ይህን የሰማ ወላጅ ወዲያው ልቡ ባይረታ እንኳ ማዳመጥ ይጀምራል። ስለዚህ ማስታወሻ የመያዝ ልማድ ካሁኑ አዳብሪ።

ማንም አስቀድሞ የማይነግርሽ ነገር ደግሞ አለ፤ መለያየቱ። የብዙ ወላጆች ሥራ ከአገር አገር የሚያዘዋውር ነው። ዓመቱ ሲያልቅ፣ አንዳንዴም በመሀል፣ ልጅ ድንገት ይሄዳል። የቀሩት «የት ሄደ?» ይሉሻል። ወንበሩን አንስቶ እንዳልነበረ መሆን ደግ አይደለም። አንድ ሳምንት ቀደም ብለሽ ንገሪያቸው። ፎቶና የጣት አሻራ ያለበት ትንሽ መጽሐፍ አብረው ይሥሩለት፣ የመጨረሻ ቀኑን በካላንደር ይቁጠሩ። ሊሄድ የተቃረበ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ጓደኞቹን ሲመታ ብታዪ አትገረሚ። ከጓደኞቹ ተጣልቶ መሄድ ይቀልለዋል መሰለኝ።

አሁን ወደ ኮንትራቱ። «ኢንተርናሽናል» የሚለውን ስም ማንም በሩ ላይ ሊሰቅለው ይችላል። አይቢ ነን ካሉ ስማቸውን በአይቢ ድረ ገጽ ላይ ፈልጊ። ደግሞ «እጩ ትምህርት ቤት» (candidate) ማለት ፈቃዱን ገና እየጠበቀ ያለ እንጂ ያገኘ ማለት አይደለም። እንደ ሲአይኤስ (CIS፣ የኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት) ያለ የውጭ አካል እውቅና ሰጥቷቸው እንደሆነም እይ። ኮንትራቱ ብዙ ጊዜ የ2 ዓመት ነው። ደሞዙ 12 ወር ይከፈላል? በምን ገንዘብ? ቤት ይሰጣሉ ወይስ የቤት አበል? የጤና መድን፣ የአውሮፕላን ትኬትና ቪዛ በማን ነው? ልጅ ካለሽ የትምህርት ክፍያው ይቀርልሻል? አቋርጠሽ ብትወጪ ምን ትከፍያለሽ? የሁሉም መልስ በጽሑፍ ይሁን። «እሱን ስትመጪ እንነጋገራለን» ካሉሽ አትፈርሚ። ለቪዛ ማስኬጃ አስቀድመሽ ገንዘብ ላኪ ካሉሽ ደግሞ ጭራሽ ሽሺ።

የዲግሪ ማረጋገጫ ጊዜ ይበላል፣ ዛሬውኑ ጀምሪ። ከኖርሽበት አገር ሁሉ ከወንጀል ነፃ መሆንሽን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቁሻል፤ የቀድሞ አለቃሽንም ራሳቸው ያነጋግራሉ። ይህን ሁሉ ካልጠየቁሽ «ቀለለልኝ» ብለሽ ደስ አይበልሽ። አንቺን ሳያጣሩ ካስገቡ ሌላውንም እንዲሁ ነው የሚያስገቡት፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ደግሞ ሕፃናት ናቸው።

ከደሞዙ እኩል አጥብቀሽ የምትጠይቂው ስለ ረዳትሽ ነው። ክፍሉ ውስጥ ስንት ልጅ አለ? ረዳቷ ቀኑን ሙሉ ካንቺ ጋር ናት ወይስ ለሁለት ክፍል ትከፈላለች? በእንግሊዝ ደንብ ዕድሜያቸው 3 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች ብቁ መምህር ካለ 1 ሰው ለ13 ልጆች ይፈቀዳል። እዚያ ይህ ደንብ ላይሠራ ይችላል፤ ለማነጻጸር ግን ይጠቅምሻል። ብዙ ጊዜ ረዳቷ የአገሩ ሰው ናት። የልጆቹን ቋንቋ፣ የወላጆቹን ባሕርይ፣ ማን ምን እንደማይበላ ሁሉ ታውቃለች። እንደ ተላላኪ የሚያዟት መምህራን አሉ፤ ዓመቱን የሚጨርሱት ተሰቃይተው ነው። አንቺ ዕቅድሽን ከእሷ ጋር አውጪ፣ ወላጅ ፊትም በስሟ አስተዋውቂያት።

በመጨረሻው ኢንተርቪው ላይ ደግሞ አንቺ የምትተኪያትን መምህርት በስልክ እንድታነጋግሪ ይፍቀዱልሽ። ስታገኚያት ለምን እንደምትለቅ፣ ረዳቷ ማን እንደሆነች፣ ልጅ ሲታመም ማን እንደሚጠራ ጠይቂያት። መልሷን ከሰማሽ በኋላ የምትጠራጠሪው አንቀጽ ካለ ስምና ቁጥሩን ሸፍነሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።