ዘጋቢ ፊልም አይተን፣ አልቅሰን፣ ከዚያስ? የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ከወጣቶች ጋር ዘጋቢ ፊልም ማየትና አልፎ አልፎም መቅረጽ ከጀመርኩ ቆየሁ። ሰሞኑን «ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ» ብዬ ነበር። የመጣውን እነሆ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ሰው ድራማ ትቶ ዘጋቢ ፊልም የሚያየው ምን አግኝቶ ነው?

ድራማውንስ አልተወም፣ እንዋሽ እንዴ! ግን ድሮ ዘጋቢ ፊልም ሲባል ትዝ የሚለን ምረቃና ጭብጨባ ነበር። አሁን በዩቲዩብና በቴሌግራም የሰፈሩን ጉድ ያያል። የራስህን ጉዳይ አይተህ እጅህን አጣጥፈህ መቀመጥ ይከብዳል።

ጥያቄ (ከሆጤ)፦ ፊልም የምር ነገር ይለውጣል?

ወሎ ላይ ተቀምጠን ይህን መጠየቃችን ይገርመኛል። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። የፊልሙ ስም «ያልታወቀው ረሃብ» ነው። እዚያ ሕዝቡ አይቶ ገንዘብ አዋጣ። እዚህ ግን ነገሩ ታፍኖ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ፣ የ1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዕለት ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር ቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለቀቀው። በማግሥቱ ጃንሆይ ወረዱ። ፊልሙ ብቻውን አወረዳቸው አልልም፤ ወታደሩ ወራት ሲያደባ ከርሟል። ግን ያው የተራበ ሰው ምስል ለንደን ላይ እርዳታ ሰበሰበ፣ አዲስ አበባ ላይ የዙፋን መገልበጫ ሆነ። ልዩነቱ መቀሱ ላይ፣ ማለትም ምስሉ ተቆርጦ በሚቀጣጠልበት መንገድ ላይ ነው። ለዚህ ነው ልጆቹን ሁልጊዜ «ከምኑ ቀጥሎ ምን መጣ?» እያልኩ የምጨቀጭቃቸው።

ጥያቄ (ከዚያው ሰው)፦ የ77ቱ ረሃብ ፊልምስ?

እሱ ዜና እንጂ ሙሉ ፊልም አልነበረም፣ ጥቂት ደቂቃ ነው። መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ቀረጸ፣ ማይክል በርክ ዘገበ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ታየ። ሐምሌ 6 ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ማሰባሰቢያ ኮንሰርት መጣ። ብዙ ነፍስ ተርፏል፣ አልክድም። ግን ከነዚያ ፊቶች የስንቱን ስም እናውቃለን? እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እሱ ነው።

ጥያቄ (ከአይጠየፍ)፦ ሰዉ አይቶ ያለቅስና ወደ ቤቱ ይሄዳል። ምን ይሻላል?

እኛም ተሸውደናል። ስለ ፌስቱላ፣ ማለትም በተራዘመ ምጥ ሳቢያ ሽንት መቆጣጠር ስለሚያሳጣው የእናቶች ጉዳት የተሠራውን «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» አሳየን። ሴቶች ከገጠር ተነስተው አዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ድረስ ሲጓዙ የሚያሳይ ነው። መብራት ሲበራ አንዲት እናት ተነሱና «የእህቴ ልጅ እንዲህ ናት፤ የት ልውሰዳት?» አሉ። ዝም! አዳራሹን አጽድተን፣ ወንበር ደርድረን፣ ስልክ ቁጥር ግን አልያዝንም። ሆስፒታሉ ባሕር ዳርም ማዕከል እንዳለው የተናገረው ከኋላ የተቀመጠ ጤና መኮንን ነው። ከዚያ ወዲህ የሚጠቅም አድራሻ በካርቶን ላይ ጽፈን በሩ ላይ ሳንለጥፍ ፊልም አንጀምርም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ የቦርከና ወንዝን መበከል መቅረጽ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ጥሩ አስበሃል። ፋብሪካ በር ላይ ሄደህ አትገተር። ከጥበቃ ጋር ስትጨቃጨቅ ቀኑ ይመሽብሃል። ከላይ ከደሴ ጀምርና ወንዙን ተከትለህ ውረድ፤ የእኛ የደሴዎች ቆሻሻም አለበት፣ እሱን እንዳትዘለው። ዶሮ መዝለያን አልፈህ ኮምቦልቻ ስትደርስ ውሃው ቀለሙን የሚቀይርበትን ቦታ ፈልግ። እዚያ ከብት የሚያጠጣ፣ ጎመን የሚያለማ ሰው አታጣም። እሱ ይናገር፣ አንተ ስማ።

አንድ ጊዜ እዚያው ስቀርጽ አንዲት አሮጊት ቢጫ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ይህን የምታሳየው ለማን ነው? እኛማ በየቀኑ እናየዋለን» አሉ። አፈርኩ። ፊልሙን ለመንደሩ ሳይሆን ውሃው ለሚመለከተው ቢሮ አሳየሁት። ሦስት ሰው መጣ። አንዱ ማስታወሻ ያዘ።

ጥያቄ (ከሰኞ ገበያ)፦ ስንት ደቂቃ ይሁን?

10 ይበቃል። ዳታ በነጻ አይደለም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ይሆናል?

በደንብ! ምስሉ ቢንቀጠቀጥ ሰው ይታገሣል፣ ድምፅ ካልተሰማ ግን ይዘጋዋል። የጆሮ ማዳመጫህን ማይክ ተናጋሪው ደረት ላይ አስረው። ከተማ ውስጥ ከሆንክ ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ውጣ፣ ባጃጆቹ ሳይነሱ።